«ባለ 60 ነው» ተብሎ የተሸጠልኝ የባኬት ብየዳ

ኮምቦልቻ ውስጥ «ባኬትህን በሃርድ ኤሌክትሮድ እንሞላልሃለን፣ ባለ 60 ነው» የሚላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ፣ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ባኬት የቁፋሮ ማሽን አፈር የሚዝቅበት ባለ ጥርስ አካፋ ነው፣ ሃርድ ኤሌክትሮድ ደግሞ ጠንካራ ብረት የሚያለብስ የብየዳ ዘንግ። እንዲህ ካለኝ የብየዳ ቤት መመለሴ ነው፣ እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል። 38 ሺህ ብር በልተውኛል። ብሩ ብቻ ቢሆን ምናልባት ዋጥ አድርጌው እቀር ነበር። ፊት ለፊቴ ቆመው ሳቁብኝ።

የብየዳ ቤቱን ስም አልጠራም። ዓይነቱን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዋናው መንገድ ዳር ነው። ደጁ ላይ ጎማው የወለቀ ሲኖ ቆሟል። ጠረጴዛው ላይ የኤሌክትሮድ ሳጥን ተደርድሯል። ገና እግራችሁ ሳይገባ «ጋሼ፣ ይቀመጡ፣ ቡና ይምጣ?» የሚል ልጅ አለ። ዋጋ ስትጠይቁ መጀመሪያ የሌላ ሰው ስራ ይወቀሳል። ቀጥሎ ሳጥኑ ይመጣል። በመጨረሻ «አብሽር» ይባላል፣ ቀብድ ይከፈላል።

እኔና ወንድሞቼ አንዲት አሮጌ ባክሆ፣ የቁፋሮ ማሽን፣ አለችን። ደሴ ዙሪያ ገረጋንቲ እንጭናለን፣ የቤት መሠረት እንቆፍራለን፣ ስራ ሲገኝ እስከ ገራዶ እንሄዳለን። የወሎን ድንጋይ የሰራበት ያውቀዋል። እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ብረት ይበላል። ቦርከና ዳር ወርደን አሸዋ የጫንን ቀን ደግሞ ይብሳል። አሸዋው ቀኑን ሙሉ ብረቱን ሲፈጨው ይውላል። ጥርሱ ይዶለዱማል፣ የባኬቱ ከንፈር ይሳሳል፣ ጎንና ጎኑ ይበላል። ከዚያ በኋላ ማሽኗ መቆፈሯን ትታ መግፋት ትጀምራለች። ናፍጣው ይጨምራል። በሰዓት ያከራያችሁት ሰው «ዛሬ ምን ሆናችሁ፣ ስራው አልሄደም» ማለት ይጀምራል።

አዲስ ባኬት ፍለጋ አዲስ አበባ መሄድ አለ። ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ ዋጋውንም አንሱት። ስለዚህ ማሽን ያለው ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አሰብን። የተበላውን ማስሞላት፣ ላዩን ጠንካራ ብረት ማልበስ።

ስራውን ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ሃርድ ፌሲንግ የሚባለው ይሄ ነው። ለመበየጃ የሚውለው ኤሌክትሮድ በር ከሚበየድበት የተለየ ነው። ውስጡ ክሮሚየምና ካርቦን በብዛት አለው። ሁለቱ ሲቀልጡ ተዋህደው ክሮሚየም ካርባይድ ይሆናሉ። ይሄ ነገር አሸዋ ውስጥ ካለው ኳርትዝ ይጠነክራል። ምስጢሩ ሁሉ እዚህ ጋ ነው። ከሚፈጨው ነገር የጠነከረ ልብስ ከለበሰ ባኬቱ ይኖራል፣ ካልለበሰ ይበላል። ኤሌክትሮዱ ውድ የሆነውም ለዚህ ነው። በዚያ ላይ በያጁ ማወቅ አለበት። ጥርሱን ቀድሞ በጋዝ ነበልባል ማሞቅ አለ። የተበላው ብዙ ከሆነ መጀመሪያ 7018 በሚባለው የመሙያ ኤሌክትሮድ ከፍ አድርጎ መሙላት፣ ጠንካራውን ከላይ ማልበስ አለ። ጠንካራው ራሱ ሲበዛ ደግሞ ይላጣል፣ ሁለት ቢበዛ ሦስት ንብርብር ነው። ለድንጋይ የሚበየድበትና ለአሸዋ የሚበየድበት አቅጣጫ እንኳ ይለያያል። ለድንጋይ ሲሆን መስመሩ ድንጋዩ ወደሚሄድበት ይዘረጋል፣ ድንጋዩ ላዩ ላይ እንዲንሸራተት። ለአሸዋና ለአፈር ሲሆን በአግድም ይሰመራል፣ አፈሩ በመስመሮቹ መሃል ገብቶ ራሱ ብረቱን እንዲሸፍነው። እውቀት ያለው ስራ ነው። በደንብ ለሚሰራ ሰው 38 ሺህ ብር ከፍዬ አመሰግነው ነበር። ይህን የምለው ከልቤ ነው።

ባኬቱን ነቅለን በአይሱዙ ጭነን በሐረጎ ቁልቁል ወሰድነው። ባለቤቱ ከእኔ በዕድሜ ያንሳል። «ጋሼ» እያለ ተቀበለኝ። ባኬቱን ዞር ዞር ብሎ አየ፣ ከንፈሩን መጠጠ። «ይሄን ማን ነው የነካው? በመደዴ ኤሌክትሮድ ነው የበየዱልዎት» አለ። ከዚያ ሳጥኑን አመጣ። ቀይ መስመር ያለበት፣ የውጭ ጽሁፍ ያለበት ሳጥን ነው። 60 የሚለው ቁጥር ላይ በጣቱ መታ መታ አደረገ። «ይቺ ባለ 60 ናት። ድንጋይ አይነካትም። ለእርስዎ አዲስ ሳጥን ነው የምከፍተው» አለ። የብረት ጥንካሬ በሚለካበት በሮክዌል መለኪያ 60 ማለት እውነትም ትልቅ ነገር ነው። ሞረድ የማይበላው ብረት ነው።

ግማሹን ከፈልኩ። ቆሜ ልይ ስል «መብራቱ ዓይንዎን ይጎዳዎታል፣ እዚያ ጥላ ውስጥ ይቀመጡ» ተባልኩ። የብየዳ ብርሃን ዓይን ማቃጠሉ እውነት ነው። ሰው የሚያርቁበትም ለዚሁ ነው፣ እውነት ስለሆነ ማንም አይከራከርም። ማታ ላይ «ነገ ይምጡ» አሉኝ። በማግስቱ ስመጣ ባኬቱ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ቆሞ ጠበቀኝ። ከንፈሩም፣ ጥርሱም፣ ብየዳውም በቀለም ተሸፍኗል። ያምራል። ባለቤቱ «ስንጥቅ ይፈልጉ እስኪ፣ አንድ ስንጥቅ ካገኙ ብርዎን እመልሳለሁ» አለ። አንድም አልነበረም። ቀሪውን ከፈልኩ። የተሰጠኝ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ነው። «የባኬት ብየዳ 38,000» ይላል። ሌላ ነገር የለውም።

ሳምንት አልሞላም። ቀለሙ በመጀመሪያው ቀን ሄደ፣ ያ ምንም አይደለም። ከቀለሙ ስር ያለው ብየዳ ግን አብሮ ሄደ። መስመሮቹ ተደፍጥጠው አንጸባርቀው ቀሩ። አንደኛው ጥርስ ደግሞ ከብየዳው ስር ተሰንጥቆ ተሰበረ። ሳያሞቁ በይደውበታል። ኦፕሬተራችን «ከመሰራቱ በፊት ይሻል ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው።

ደሴ ውስጥ ብዙ ዘመን ብየዳ ላይ የኖሩ አንድ አባት አሉ። እሳቸው ዘንድ ወሰድኩት። ምንም አልተናገሩም። መሳቢያቸውን ከፍተው ሞረድ አወጡ። ጥርሱን ሞርሳ ላይ አሰሩና ብየዳው ላይ ሞረዱን ሁለቴ ሳቡት። ያዘ። ብናኝ ብረት እየበነነ ወረደ። በመዳፋቸው ተቀብለው አሳዩኝ። «ልጄ፣ ባለ 60 ቢሆን ይሄ ሞረድ መስታወት ላይ እንደሚሄድ ተንሸራትቶ ነበር የሚያልፈው» አሉኝ። ስንጥቅ የለውም ብለው ሲምሉልኝ እንደነበር ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። በክሮሚየም ካርባይድ የተሞላ ነገር ሲቀዘቅዝ መስመሩን የሚያቋርጡ ቀጫጭን ስንጥቆች ያወጣል። ብየዳው ውጥረቱን የሚያስተነፍስበት ነው፣ ወደ ዋናው ብረት እስካልወረደ ድረስ ጉዳት የለውም። አጭበርባሪው ግን ያንን ገልብጦ ነው የሚሸጠው። እውነተኛ በያጅ የሰራውን ስራ «ተሰንጥቋል» ብሎ ያስጠላል፣ የራሱን ለስላሳ ብረት «ንጹህ» ብሎ ያስመርቃል። ስንት ሐቀኛ ባለሙያ በዚህ ወሬ ደንበኛ እንዳጣ አስቡት።

ዛሬ ጠዋት የተሰበረውን ጥርስ በፌስታል ይዤ ወረድኩ።

ስገባ ሌላ ደንበኛ አለ። ከሀርቡ በኩል የመጣ ገበሬ ነው፣ የትራክተር ማረሻ ዲስኮች ይዟል። ባለቤቱ ያንኑ ወሬ ያወራለታል። ያው «ባለ 60»። ያው «ለእርስዎ አዲስ ሳጥን ነው የምከፍተው»። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሳጥን ያው ነው። አንድ ጥጉ ተቀዷል። ቅዳጁን አውቀዋለሁ፣ ለእኔ «አዲስ» ተብሎ የመጣ ጊዜም እዚያው ጋ ተቀዶ ነበር። ዝም ብዬ ቆሜ አየሁ። አንዱ ልጅ መጣ፣ ሳጥኑን ከፈተ፣ አንድ እፍኝ ኤሌክትሮድ አወጣና ሊሄድ ሆነ።

«አንዴ አሳየኝ» አልኩት። ልጁ ወደ ባለቤቱ አየ። ባለቤቱ ገና አላወቀኝም፣ ደንበኛ መስዬው ነው። በጭንቅላቱ ስጠው አለ። አንዷን ተቀበልኩ። ኤሌክትሮድ ሁሉ መያዣው በሚነክሰው ጫፍ በኩል፣ ልባሱ ላይ ቁጥሩ ታትሞበታል። ወደ ብርሃን አዞርኩት። 6013 ይላል። በር የሚበየድበት፣ የመስኮት ብረት የሚበየድበት፣ ሰፈር ውስጥ ያለ ማንኛውም በያጅ ቤቱ የማያጣው ኤሌክትሮድ ነው። ባዶውን ውድ ሳጥን አስቀምጠው በርካሹ እየሞሉት ነው የሚሸጡት።

«ይሄ እኮ 6013 ነው» አልኩ።

ያኔ አወቀኝ። ፊቱ አልተለወጠም። ይሄ ነው ቆሽቴን ያሳረረው። ትንሽ ይደነግጣል፣ ትንሽ ያፍራል ብዬ ነበር። ከእጄ ላይ ወሰዳት። በአውራ ጣቱ አቧራውን ጠረገና ዓይኔ ስር አመጣት።

«አንብብ እስኪ። ስንት ይላል?»

«6013።»

«መጀመሪያ ላይ ያለው ስንት ነው?»

ዝም አልኩ።

«60 ነው። 60 ነው ያልኩህ፣ 60 ሰራሁልህ። ምን ጎደለብህ?»

ልጆቹ ሳቁ። አንዱማ መነጽሩን ገልብጦ ነው የሳቀው። ሒሳብ የምትቀበለዋ ልጅ ከስልኳ ቀና አላለችም፣ ግን ፈገግ ስትል አይቻታለሁ። «ጋሼ» ያለኝ ሰው በአንዴ «አንተ» አለኝ። ወሎ ነን እኮ። እዚህ ሀገር ሰው ሲጣላ እንኳ ታላቁን «አንቱ» እያለ ነው የሚጣላው።

ሁለቱ 60 የማይገናኙ ናቸው። 6013 ላይ ያለው 60 ብየዳው ሲጎተት ስንት ይችላል የሚለው ነው፣ በስኩዌር ኢንች 60 ሺህ ፓውንድ። የመፈጨት ነገር ውስጥ የለበትም። ሃርድ ኤሌክትሮዱ ላይ ያለው 60 የሮክዌል ጥንካሬ ነው። 6013 የሚጥለው ብረት በዚያ መለኪያ 20 እንኳ አይሞላም። ከባኬቱ ጥርስ ከራሱ የለሰለሰ ብረት ነው። ማለትም ጠንካራውን ጥርሴን በለስላሳ ብረት ሸፍነው፣ አንዱን አስሰብረው፣ ለዚያ 38 ሺህ አስከፈሉኝ። ሰውየው ይህን አያውቅም ብዬ ለአንድ ደቂቃ አላምንም። ሳያውቅ ቢሆን ሳጥኑን እየሞላ አያስቀምጥም ነበር።

ጥርሱን ከፌስታሉ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አንስቶ ገልበጥ ገልበጥ አደረገው። «ድንጋይ ላይ ነው እንዴ የሰራህበት?» አለኝ። ድንጋይ ላይ እንደምሰራበት በመጀመሪያው ቀን ነግሬዋለሁ፣ «ድንጋይ አይነካትም» ያለኝም ራሱ ነው። ይህን ስለው ወረቀቴን ጠየቀ። ሰጠሁት። «ብየዳ ይላል። አልበየድንልህም? የት ላይ ነው 60 የሚለው?» ወረቀቱን መለሰልኝና «ሂድ ክሰስ» አለ። «ደንበኛዬን እንዳታባርርብኝ ደግሞ።»

ወደ ገበሬው ዞሬ ያለውን ነገር ሁሉ ነገርኩት። ጥርሱን አሳየሁት፣ ቁጥሩን አሳየሁት። አየና ዲስኮቹን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ቀብድ ከፍያለሁ እኮ ወንድሜ» አለኝ። የእርሻ ጊዜ ደርሶበታል፣ ሌላ ቦታ ሄዶ ተራ ሊይዝ አይችልም። እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ልጁም ኤሌክትሮዶቹን ይዞ ገባ። ይሄ ሰው ከሳምንት በኋላ ማሳው መሃል ቆሞ ዲስኩን ሲያይ ይታየኛል። ያንን ማስቆም አልቻልኩም።

እኔ ወደ ከተማው ንግድ ጽህፈት ቤት አመለክታለሁ። ስለ ሸማቾች ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 813/2006 ያልሆነውን ነው ብሎ መሸጥን ይከለክላል። በእጅ የተጻፈችው ወረቀት ስራዬን እንደምታከብድብኝ አውቃለሁ። ግን ኤሌክትሮዷንም ይዤያታለሁ። ሲወረውራት ጠረጴዛው ስር ገብታ ነበር፣ ጎንበስ ብዬ አነሳኋት። የተሰበረው ጥርስም አለ፣ ሞረድ የበላው ምልክት ላዩ ላይ ነው።

እናንተ ግን እዚያ እንዳትደርሱ። ደረሰኝ ላይ የኤሌክትሮዱን ዓይነትና ቁጥር አስጽፉ፣ «ብየዳ» ብቻ ካለ አትቀበሉ። ዓይናችሁን ይጎዳል ካሏችሁ መስታወት ያለው መሸፈኛ ጠይቁና ቁሙ። በያጁ ሲጨርስ የሚጥላትን ቁራጭ ጫፍ አንሱ፣ ቁጥሩ እዚያው ላይ ስለሚቀር ታነቡታላችሁ። ቀለም አታስቀቡ። ሞረድ ይዛችሁ ሂዱ፣ ቀሪውን ክፍያ ሞረዱ ብየዳውን ሳይበላ ተንሸራትቶ ካለፈ በኋላ ክፈሉ። ሞረድ ሲያዩ የሚቆጡ ከሆነ ባኬታችሁን ጭናችሁ ተመለሱ።

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ ወይም ወልድያ ውስጥ ይህን ስራ በእውነት የሚሰራ ሰው የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። እኚያ የደሴው አባት እጃቸው አለ፣ ኤሌክትሮዱ ግን አልቆባቸዋል። ማሽኗ ቆማለች፣ ሦስት ቤተሰብ በእሷ ነው የሚያድረው።